ቫልቩን የደበቀችው የትናየት

የትናየት ውሸት አይሆንላትም። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን፣ ላሊበላ ከገበያው በታች ባለችው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቋ ውስጥ፣ ምሥጋናውን ዓይን ዓይኑን እያየች ዋሸችው።

«አይሆንም፤ ቫልቩ ተቃጥሏል። ምትክ ደግሞ አገር ውስጥ የለም» አለችው።

ምሥጋናው የፍላቂት ልጅ ነው፤ በጋሼ ወልደ ኪዳን ሆቴል ጊታር ይጫወታል። ጠረጴዛዋ ላይ የተኛው አምፕ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላለት ያ ከባድ ሣጥን፣ ደሴ ላይ ጊታር ያስተማረው ሰው ሲሞት የተወለት ነው፤ በዕድሜ ይበልጠዋል። ከጀርባው አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች ተሰክተዋል፤ ሲግሉ ፍም ይመስላሉ። የከተማው መብራት ጠፍቶ ድንገት በኃይል ሲመለስ አንዱን አቃጠለው።

የተዋወቁት ከዓመት በፊት ነው። የተበጠሰ ገመድ ሊያስበይድ መጣ፤ ዝናብ ያዘውና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የሚበየድ ሳይኖረውም ይመጣ ጀመር። እሱም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለተኛዋን ወንበር አቧራዋን ትጠርግ ነበር።

በጥቅምት አንድ የአዲስ አበባ ባንድ መሪ ሆቴሉ አርፎ ሲጫወት ሰማው። «ይኼን አምፕ ይዘህ ና፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሸገር ላይ ጠፍቷል» አለው። ወሬው በማግሥቱ ከተማውን ሞላው። ምሥጋናው ከገና በኋላ ይሄዳል ተባለ። እሱ ግን ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለም፤ እሷም መልሱን ፈርታ ዝም አለች።

አምፑ በተበላሸ በሦስተኛው ቀን አንድ የብልባላ ሰው የማይሠራ አሮጌ ራዲዮ አምጥቶ ሸጠላት። ፈትታ ብታየው ውስጡ ከተቃጠለው ጋር ያው ቁጥር የተጻፈበት ቫልቭ፣ ደህናው፣ ቁጭ ብሏል። በደስታ ስልኳን አንስታ ስሙን ፈለገች። ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ።

አምፑ ከዳነ ይሄዳል።

ቫልቩን በጥጥ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ሲመጣም ምትክ የለም አለችው። በእሱ ፈንታ ከአዲስ አበባ አንድ ዲጂታል ሣጥን አስመጣችለት፤ የጫማ ካርቶን የምታክል፣ የድሮ አምፖችን ድምፅ እያስመሰለች የምታወጣ።

«በጣም ቀላል ናት፤ በአንድ እጅ ትይዛታለህ» አለችው።

ፊቱ ጠቆር አለ። ለአሮጌው አምፕ ያዘነ መሰላት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ለልምምዱ ሆቴሉ ሄደች። ትንሿን ሣጥን ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሲጫወት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«እኔ እንጃ፣ ያው ነው የሚመስለኝ።»

«ለጆሮ ያው ነው» አለ። «ልዩነቱ እጄ ላይ ነው። አሮጌውን ቀስ ብዬ ስነካው ያንሾካሹካል፤ ጠበቅ ሳደርግበት ይሻክራል። ክሩን መትቼ ስይዘው ድምፁ መጀመሪያ ሸሸት ይልና ቀስ እያለ ይሞላል። ከኋላዬ ሆኖ እግሬን ያንቀጠቅጠዋል። ይኼኛው አይሳሳትም፣ አይደክምም፣ መብራት ቢዋዥቅ ግድ የለውም። ግን ስጎትተው የሚጎትተኝ ነገር የለም።»

«ትለምደዋለህ።»

«ልመድ ካልሽኝ እለምደዋለሁ» አለና ወደ ክሮቹ አቀረቀረ።

ጋሼ ወልደ ኪዳን ደስ አላቸው፤ ጩኸት ቀነሰ፣ እንግዳው እያወራ መብላት ቻለ። ምሥጋናው ግን ወደ ሱቋ መምጣቱን ተወ። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ወንበሯ ባዶ ናት። የትናየትን እህል አልወርድ አላት። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ከሚኒባስ ረዳት ጋር ሲነጋገር አየችው።

ያን ሁሉ ዋሽታም ሊሄድ ነው። መሄዱ ካልቀረ የራሱን ድምፅ ይዞ ይሂድ ብላ ቫልቩን ከመሳቢያው አውጥታ ሆቴሉ ድረስ ሮጠች።

ብቻውን ገመድ እየጠቀለለ አገኘችው። ጥጡን ፊቱ አስቀመጠች።

«የአምፕህ ቫልቭ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ጋ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።»

ጥጡን ፈታው። መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው።

«ለምን?»

«እንዳትሄድብኝ።»

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣው ሴት ባልዲ ስታስቀምጥ ተሰማ።

«ቆይ» አለ። «እንዳልሄድ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀላሏን ሣጥን ለምን ሰጠሽኝ? ያን አምፕ ተሸክሜ አውቶብስ እንደማልሳፈር ታውቂያለሽ። በአንድ እጅ ትያዛለች ስትዪኝ፣ መንገዱን ያቀለልሽልኝ መሰለኝ። በቃ ሂድልኝ ብላለች አልኩ።»

«እኔ? እኔ ሂድልኝ ልልህ?»

«ለአዲስ አበባው ሰውዬ ገና ያኔ አልመጣም ብዬዋለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ለምን ቀረህ ብትዪኝ የምመልሰው ስለከበደኝ ነው።»

«መናኸሪያ አይቼሃለሁ እኮ ዛሬ!»

«እናቴ ከፍላቂት በሶ ልካልኝ ነዋ!»

የትናየት ሳቅም ለቅሶም መጣባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ተቆጥቻለሁ» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ እጄ የሞተብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ተቆጣ። ይገባሃል።»

«ሁለተኛ አትዋሺኝ።»

«ሁለተኛ አልዋሽህም።»

ቀና ብሎ አያት። ትከሻው ሲረግብ፣ ፊቱ ሲፈታ እያየች የራሷም ትንፋሽ ተመለሰ።

አብረው ወደ ሱቁ ወረዱ። ቫልቩን ሰካች፣ እስኪግል ጠበቁ። መጀመሪያ የተመታው ክር ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ብሎኖች አንጫጫቸው። እጇን አምፑ ላይ ብትጥል ድምፁ ከእንጨቱ ወደ ክንዷ ወጣ፤ በሆቴሉ ያልሰማችውን አሁን ዳሰሰችው። ምሥጋናው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል።

ትንሿ ሣጥን ለሆቴሉ ሥራ ቀረች፤ መብራት ቢዋዥቅም ግድ የላትም። አሮጌው አምፕ ከዚያ ወዲያ ከሱቋ አልወጣም፤ እሱም እንደ ድሮው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጫወትበት ይመጣል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች የአባቷን የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን በር አንኳኩ። የትናየት ጓዳ ሆና አዳመጠች። አባቷ ጊታር መቺ ለልጄ አይሆንም ይላሉ ብላ አሥር ጊዜ መልስ አዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል?»

«የለም አባታችን፣ ኑሮው እዚሁ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እስኪመለስላቸው አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ።

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «አረፍ በሉ።»