የነዒማ ክንድ

ኅዳር ፳፻፲፬ ዓ.ም. ነበር። ክተት ታውጆ፣ ዘማች የጫኑ መኪኖች በቡታጅራ አውራ ጎዳና ሲያልፉ ሕዝቡ በጭብጨባ ይሸኝ ነበር፤ ጭብጨባው ሲያባራ ግን እናቶች እርስ በርሳቸው ለመተያየት ይፈሩ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነዒማ የምትባል የመስቃን ገበሬ ሚስት ጋሪ ተገልብጦባት፣ ቀኝ ክንዷን ቆርቆሮ ተልትሏት ወደ ከተማው ሆስፒታል መጣች፤ ባሏ ሙባሪክ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ቢያስርላትም ደሙ አልቆመም፤ ጣቶቿም ቀዝቅዘዋል። የተቀበላት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዓለምዘውድ፣ ከሰሜን መጥቶ በከተማይቱ የኖረ ዝምተኛ ሰው ሲሆን፣ በማግሥቱ ወደ ግንባር እንዲሄድ ታዟል።

«አምቡላንሶቹ ዘምተዋል፤ ባለቤትዎ ወልቂጤ ካለው ትልቅ ሆስፒታል እስኪደርሱ እጃቸው ይሞታል» አለው ለሙባሪክ። «የተቆረጠውን ደም ቅዳ ካላገኘሁት፣ ክንዳቸውን መቁረጥ ግድ ይሆናል።»

ሙባሪክ አንገቱን ደፋ። «እንሰት የምትፍቅበት እጇ ነው፣ ዶክተር። ነፍሷ ከተረፈች ግን አልሐምዱሊላህ።»

«ይህ እጄ ድሮም ጤና የለው» አለች ነዒማ በደከመ ድምፅ። «ስፍቅ ይደነዝዛል፤ ወጌሻ ቢያሸኝም አልተሻለኝ።»

ሐኪሙ ክንዷን ከፈተ፤ ደም ቅዳው ግን በለመደው ስፍራ የለም። ክንድ የሚያጥፈው ጡንቻ በብዙው ሰው ሁለት ራስ አለው፤ በነዒማ ክንድ ግን ሦስተኛ ራስ ከአጥንቱ ተነሥቶ በደም ቅዳው ስፍራ ላይ ተጋድሟል።

«መጋዙን ላቅርብ?» አለች ነርሷ ሔራን።

«ቆዪ።»

ትርፉን ጡንቻ ቆርጦ ገለጠው፤ ከሥሩ የተቆረጠው ደም ቅዳ ተሸማቅቆ፣ ጡንቻው ለዓመታት ሲጫነው የኖረው ነርቭም ሳስቶ ተገኙ። ደም ቅዳውን ሰፋ፤ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ሞቁ።

በማግሥቱ ሻንጣውን አንግቦ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። «እጅዎን የሚያደነዝዘው አንድ ትርፍ ጡንቻ ነበር። በግራ ክንድዎም ይኖር ይሆናል፤ ስመለስ አየዋለሁ።»

«አላህ በሰላም ይመልስዎት» አለችው።

አልተመለሰም፤ የት እንደ ደረሰም የነገራት የለም። ክረምት ሲገባ የግራ እጇ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር፤ አንድ ቀንም ማሰሮ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ሙባሪክ ሆስፒታል ቢወስዳት በዓለምዘውድ ምትክ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አልመጣም ተባሉ፤ በመጡበት ጋሪ ተመለሱ።

ስለዚያ ኅዳር የጻፉ ሰዎች የተያዙትንና የተለቀቁትን ከተሞች ዘርዝረዋል፤ ከግንባር ኋላ ሐኪም ጠብቀው የተመለሱትን ግን የጻፈ የለም።