ጫማ የማይገባበት ወለል

የምክር ቤት አባሉ ካርል ኒስትሮም በቢሮው ከብረት ምድጃው ሥር በጀርባው ወድቋል። እግሩ ላይ ግራጫ የሱፍ ካልሲ ብቻ አለ። የምድጃው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ከደጃፉ ተነሥቶ አስከሬኑ ዘንድ የሚደርሰው የጫማ ዱካ አንድ ብቻ ነው፤ የቀለጠ በረዶና የመንገድ ጨው አትሞታል። ዱካው የአውኔ ነው።

የቢሮው ጸሐፊ አውኔ ራውቲዮ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸሽጋ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ባልሽ ሬይኖ የብሔራዊ ፓርኩ ጀልባ መካኒክ ነው» አላት የሸሪፉ ረዳት። «ምክር ቤቱ በበጀቱ ተናንቆ መንግሥት ከነመሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ደመወዝ አላየም። ዛሬ ካርል ለመራጮቹ በስልክ ሲያብራራ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ ‹ቢሮህ መጥቼ ደመወዜን አንቄ እቀበልሃለሁ› ብሎታል።»

«ሬይኖ አፉ ነው እንጂ...» አለች አውኔ።

«እኔ ስደርስ እላዩ ላይ ቆማ ነበር» አለ ቬይኮ ሳልሜላ። የፓርቲው የአውራጃ ሊቀ መንበር፣ የሟቹም የልጅነት ጓደኛ ነው። «ታች መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ በሩጫ ወጣሁ።»

አውኔን ቀና ብሎ አላያትም። የልጇ የክርስትና አባት እሱ ነው።

መርማሪዋ ሌምፒ ሃርዩ በደረጃው እያለከለከች ወጣች። ጫማዋን አውልቃ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ አስከሬኑን ከማየቷ በፊት ምንጣፉንና የጫማ ማውለቂያውን አግዳሚ ወንበር ረጅም ጊዜ አየች።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው ከዋሽንግተን የመጣውን የካርልን ረዳት ፕሬስተንን።

«ጎን ክፍል። ካርል ‹ትንሽ እንረፍ፤ ከዚያ ነገ እንዴት ድምፅ እንደምሰጥ እነግራችኋለሁ› አላቸው። በስልክ መስመሩ ለሚጠብቁት አድማጮች ሙዚቃ ከፈትኩ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለነበር ምንም አልሰማሁም።»

«ጫማህን አታወልቅም?»

«ዋሽንግተን እኮ...»

«እዚህ ዋሽንግተን አይደለም!» አለች አውኔ ሳታስበው። የእሱ የጨው ዱካ ጎን ክፍል ገብቶ እዚያው ቀርቷል።

ሌምፒ ወደ እሷ ዞረች። «ምሳ ልታመጪ ወጥተሽ ነበር።»

«ፓስቲ፤ ሥጋና ድንች ያለበት ዳቦ። ለሁላችንም።»

«አንዱ ደጃፉ ላይ ፈንድቷል።»

«የሆነ ነገር አደናቀፈኝ። የያዝኩት የምሳ ዕቃ ዓይኔን ጋርዶኝ በሩን በጉልበቴ ነበር የገፋሁት። ላነሣው ጎንበስ ስል ካርልን አየሁት። ሮጥኩ።»

«ጫማሽን ሳታወልቂ?»

አውኔ ወለሉን አየች። በሰም የምትወለውለው እሷ ናት፤ አገረ ገዥው እንኳ የረገጠው በካልሲ ነው። «ሳላወልቅ» አለች፣ ጥፋቷን እንደምትናዘዝ ሁሉ።

የሸሪፉ ረዳት ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«ቆይ» አለች ሌምፒ። «ሁላችንም ጣቢያ እንሄዳለን። ጫማችሁን አድርጉ።»

ቬይኮ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ፊት ረጃጅም ቦት ጫማዎቹን ሳበ። ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ ማሰሪያቸው እስከ ታች ድረስ ተፈትቷል። ቀኝ እግሩን ከተተና ባለበት ቀረ።

«ምነው አቶ ቬይኮ?»

ቬይኮ የጫማውን አፍ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ገዳዩ ዱካ አልተወም» አለች ሌምፒ በዝግታ። «በካልሲ ነው የገባው፤ እንደ እንግዳ፣ በሰላም። ፕሬስተን በጫማው ነው፤ አውኔም በጫማዋ። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ ያሉት እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ማሰሪያ ፈትተው፣ ጫማዎን አሰልፈው ገቡ። የወለሉ ባለቤት እንኳ ስትደነግጥ ማውለቅ ረስታለች።»

«ልማድ ነው! ማናችን ሳናወልቅ እንገባለን?»

«ልማድ ነው፤ አምንዎታለሁ። ግን እሷ ከእርስዎ በፊት ገብታለች ብለዋል። ታዲያ ጫማዎ ቀድሞ እዚህ ካልነበረ ምን አደናቀፋት? የእሷስ ምሳ ጫማዎ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ቬይኮ እግሩን አወጣ። ካልሲው ላይ ድንችና መረቅ ተጣብቋል።

«ደረጃውን ስትወጣ ሲሰሟት እዚያ ፋይል ማስቀመጫው ክፍል ተደበቁ» አለች ሌምፒ። «ካርል ላይ ስታጎነብስ ከኋላዋ ብቅ አሉ።»

«ነገ ከእነዚያ፣ ከሌላው ፓርቲ ጋር፣ በጀቱን ሊያጸድቅ ነበር» አለ ቬይኮ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «በአንድ ድምፅ ነበር የያዝናቸው። ለሕዝቡ ከመናገሩ በፊት ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት... ምድጃውን አላሰብኩትም።»

ካቴናው እጁ ላይ ተቆለፈ።

ከጎን ክፍል ቀጭን ሙዚቃ ይሰማል። ፕሬስተን ደነገጠ። «መስመሩን አልዘጋሁትም! አድማጮቹ ሁሉ ሄደዋል... የቀረው አንድ ሰው ነው።»

አውኔ ስሙን አይታ ስልኩን አነሣች።

«ሬይኖ፣ እኔ ነኝ።»

«እመቤቴ! አለቃሽ እኮ በዘፈን ሊገድለኝ ነው» አለ ሬይኖ። «ቁጣዬ እንኳ በርዶልኛል። በይ ንገሪኝ፤ ምን ወሰነ?»

አውኔ ወለሉን አየች። ዱካዋ ደርቆ ነጭ ጨው ሆኗል።

«መንግሥትን ሊከፍተው ነበር» አለች።