የአራተኛው መስመር አበባ

ፒር የሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ ኩሩ ነው፤ በቂ ብርድ ካልቀመሰ እምቡጡን አይከፍትም። እርሻቸው ባለበት አገር ደግሞ ብርድ የሚባል ነገር በስም እንጂ በአካል አይታወቅም። የልጅቷ አባት ሃያ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን በእጃቸው እያራገፉ፣ ቅርንጫፉን በገመድ ወደ ታች እየወጠሩ ዛፎቹን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሱ ኖረዋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ዛፎቹ አንነቃም አሉ፤ እርሳቸውም እንደ ሌላው ገበሬ በሚረጭ መድኃኒት አልቀሰቅስም አሉ። ግትር ከግትር ተገናኘ።

ክፋቱ፣ ልጃቸው የወደደችው መድኃኒት ረጪውን ነበር። የጎረቤት እርሻ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን መሰላል ሊዋስ መጥቶ፣ እሷን ሲያይ ቆይቶ መሰላሉን ረስቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግስቱም ለዚያው መሰላል መጣ። ሊያገባት ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለቴም አባቷ «መርዝ በደጄ አያልፍም» ብለው መለሱት።

ስለዚህ ሁለቱ መከሩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን አራተኛውን የዛፍ መስመር ብቻ በድብቅ ሊረጩት፤ አብቦ ሲያዩት አባቷ ይረታሉ። አባቷ ከተማ በሄዱበት ጠዋት፣ እሷ የመድኃኒቱን ጀሪካን ጽሑፍ አነበበችለት።

«ከረጩ በኋላ ለአንድ ሳምንት መጠጥ መቅመስ ለሕይወት ያሰጋል ይላል።»

«ማን ይጋብዘኛል ብለሽ ነው?» አላት እየሳቀ።

በጀርባው ያዘለው መርጫ ያንጠባጥብ ነበር፤ ሲጨርስ ሸሚዙ ረጥቦ ገላው ላይ ተጣብቋል።

በቅጡ ሳይታጠብ አባቷ ደረሱ። በእጃቸው ጠርሙስ ይዘዋል። ልጁን ግቢ ውስጥ ሲያዩት አልተቆጡም፤ ለካ ከተማ የወረዱት የእሺታውን መጠጥ ሊገዙ ኖሯል። ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ወንድ ቀና ብላ አለማየቷ አሸንፏቸዋል። አስቀመጡትና ቀዱለት።

እንደማይጠጣ ሲነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«በልጄ ደስታ ላይ?»

እሱ ቀና ብሎ እሷን አያት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ቃል ግን የድብቁን ርጭት አጋልጦ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ቀን ያፈርስባታል። አንድ ብርጭቆ ምን ያደርገዋል፣ ጽሑፍ ሁልጊዜ ያጋንናል ብላ ራሷን አታለለች። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እሱም ጠጣ።

በሁለተኛው ብርጭቆ ፊቱ ደም መሰለ፤ አባቷ ዓይን አፋርነት መስሏቸው ሳቁ። በሦስተኛው ደረቱን ያዘ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ መኪናው ውስጥ አለፈ፤ እጁ በእጇ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ጎረቤት ደስታ ገደለው አለ።

በአምስተኛው ሳምንት አባቷ ከመጋዘኑ ጀርባ ተጣሩ። ግራና ቀኙ ደርቆ እንደቆመ፣ አራተኛው መስመር ብቻ ከታች እስከ ላይ ነጭ ሆኗል።

«አየሽ፣» አሉ፤ «ያለ መርዝ ነቃ።»

«እሱ ነው የረጨው፣ አባባ። ያን ዕለት ጠዋት። መጠጥ እንደሚገድለው አውቅ ነበር።»

አባቷ የያዙትን የቅርንጫፍ ገመድ ለቀቁት።

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

«እሱን ይከለክሉኛል ብዬ።»

«እኔ እኮ ልጄ፣» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ፤ «ያን ዕለት ምንም ብትነግሪኝ አልከለክልሽም ነበር።»

እሷ እዚያው አበባው ሥር ተቀመጠች። ንቦቹ ከማለዳ ጀምረው ሥራ ላይ ነበሩ።