መጥረጊያው በቀትር ነደደ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። እጄ ላይ ያለው ጠባሳም ምስክሬ ነው።

ቀን ስድስት ሰዓት ነበር። አናት የሚበሳ ፀሐይ።

የእህቴ ባል የመብራት መስመር በማይደርስበት ሜዳ ላይ፣ በሶላር ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን ያመርታል። ቤታቸውም እዚያው ነው፤ ከማምረቻው ጀርባ፣ ከደረቁ ሣር ማዶ። ጠዋት እህቴ ደወለችልኝ።

«ዛሬ ካልወሰድከኝ... ሬሳዬን ነው የምትወስደው» አለች በሹክሹክታ።

ባሏ ጥርሷን በቡጢ አውልቆታል። እየበረርኩ ሄድኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሃይድሮጅን በቀን ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ጭስም የለው፣ ሽታም የለው። ለዚህ ነው እዚያ የሚሠራ ሰው ረጅም የሣር መጥረጊያ ከፊቱ ዘርግቶ የሚሄደው። መጥረጊያው ከተቀጣጠለ እሳት አለ ማለት ነው። የእህቴ ባል ያለ መጥረጊያ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ያን ቀን ግን ባዶ እጁን ነበር።

«ና» አለኝ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ ማዶ ቆሞ።

«እህቴስ?»

«ልብሷን እያጠፈች ነው። በዚህ አቋርጥ።»

ፈገግ አለ። ይሄ ሰውዬ ለእኔ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

ከቧንቧው በኩል ቀጭን ፉጨት ይሰማል... ስስስ... አየሩም ይርገበገባል። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አንስቼ ዘረጋሁ።

ቦግ!

በመሀላችን፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ፣ መጥረጊያው ነደደ።

«አውቀህ ነው!» አልኩት።

በሲሊንደሮቹ ዞሮ መጣና በመፍቻ ግንባሬን ፈነከተኝ። ደሜ ዓይኔን ጋረደኝ። አንገቴን አንቆ ወደ እሳቱ ገፋኝ። እጄ ተጠበሰ፤ የገዛ ቆዳዬ ሸተተኝ። ጣቱን አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስኩት። ሲጮህ ወገቡን ይዤ ወረወርኩት።

እሳቱ ውስጥ ገባ።

ነበልባል የለም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው እየጮኸ ዝም ብሎ ይጠቁራል። ሸሚዙ ረገፈ። ፀጉሩ ጠፋ። ፊቱ... ተዉት። እግዜር ይማረኝ፣ ደስ አለኝ።

የቧንቧውን ቫልቭ ዘጋሁ። የግፊት መለኪያው ወደ ዜሮ ወረደ፣ ፉጨቱም ቆመ። ሬሳው እግሬ ስር ይጨሳል።

ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ... ደረቁ ሣር ላይ አንድ ቦታ ቦግ አለ። የጫማ ያህል ስፋት አለው።

ከፊቱ ደግሞ ሌላ።

ግራ... ቀኝ... ግራ...

ሰው የለም። እሳቱ ግን እየተራመደ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«በጓሮ ውጪ! በጓሮ!» እያልኩ ሮጥኩ።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። እህቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደፉ ላይ ቆማለች። እኔን አላየችኝም። ከፊቷ ያለውን ባዶ አየር ቀና ብላ አየችና ሻንጣውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች።

«እሺ...» አለች በሹክሹክታ። «አልሄድም... አትምታኝ።»