የጥቅምት ሃያ አምስቱ የባሕር መንገድ

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ከሲያትል በስተ ሰሜን በምትገኘው በኤቨረት ወደብ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው የእርሳስ መልክ ይዞ ነበር፤ ነፋሱ ከደቡብ ይነፍሳል፤ የታሰሩት ጀልባዎች ገመዳቸውን እየጎተቱ ይንቋቋሉ። አሜሪካኖቹ የፕሬዚዳንት ምርጫቸውን ቆጠራ ይጠባበቁ ስለ ነበር የወደቡ ሬዲዮ የሚያወራው ስለዚያው ብቻ ነው። በመሻገሪያው ሳንቃ ላይ የቆሙት ሁለት ሐበሾች ግን ሌላ ወሬ በሆዳቸው ይዘው ነበር፤ በአገራቸው በሰሜን በኩል ጦርነት መጀመሩን ሁለቱም ትናንት በየቤታቸው ሰምተው አድረዋል፤ የመቀሌም ስልክ ተቋርጧል።

ታላቅየው አቶ ዓምደ ሚካኤል ይባላሉ፤ የስድሳ አራት ዓመት ሰው፣ የመቀሌ ተወላጅ፣ በቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ባለሙያ የነበሩ፣ በሲያትልም ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ታናሽየው ውብአየሁ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ በዚያው ባሕር ኃይል መሪ ጨባጭ ነበር፤ አሁን ከሲያትል በስተ ደቡብ ባለችው በቡሪየን እየኖረ በአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኛ ማመላለሻ መኪና ይነዳል። በግንቦት ሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲፈታ ከአሰብ ወደ የመን የወጡት በአንድ መርከብ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተለያዩም።

ውብአየሁ ከአገር ሲወጣ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረው ወንድሙ መሳፍንት አድጎ፣ የመቶ አለቃ ሆኖ፣ በሰሜን ዕዝ ሥር መቀሌ ተመድቦ ነበር። የአቶ ዓምደ ሚካኤል እኅት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ የወንድማቸው ወዳጅ ወንድም ነው ብለው፣ እሑድ እሑድ ከቤታቸው እየጠሩ እንደ ልጃቸው ያበሉት ነበር። እንግዲህ የሁለቱም ሰዎች ሥጋት በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ቤት ውስጥ ነበር።

ጀልባዋ የሁለቱ ነበረች፤ ጣሪያ የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ርዝመቷ ከስድስት ሜትር የማትበልጥ። የኤቨረቱ የጀልባ ማሰሪያ ቦታ ሊጠገን ስለ ሆነ እስከዚያ ቀን እንድትነሣ ታዞ፣ ቡሪየን አጠገብ ወዳለ ወደብ ሊወስዷት ተቀጣጥረው ነበር። ትንንሽ ጀልባዎች እንዳይወጡ ማስጠንቀቂያ መነገሩን ውብአየሁ አንብቧል፤ አቶ ዓምደ ሚካኤልም ሰምተዋል። ነገር ግን አንዱም ይቅርብን አላለም፤ ቢቀሩ ወደ ቤት ሲመለሱ በአንዲት መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለዚያ ነገር መነጋገር ሊኖርባቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ከባሕሩ ይልቅ አስፈራቸው።

እስከ ሙኪልቴዮ ድረስ መንገዱ ደኅና ነበር፤ ዊድቢ ደሴት ነፋሱን ከልክላላቸዋለች። የደሴቲቱን ጫፍ አልፈው ወደ ሰፊው ውኃ ሲወጡ ግን የባሕሩ ሙላት ወደ ደቡብ እየገባ፣ ነፋሱ ከደቡብ እየመጣ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይጋጩ ነበርና፣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ እንደ ግድግዳ ይነሣ ጀመር። ጀልባዋ አንዱን ወጥታ ስትወድቅ የብረት ሆዷ ይጮኻል፤ ከመነሣቷም ሌላው በላይዋ ይፈስሳል። የውብአየሁ ጣቶች መሪው ላይ ደነዘዙ።

«ጋሼ፣ እንመለስ?» አለ።

«አሁን ዞረህ ጎኗን ከሰጠኸው ይገለብጠናል። ፊቷን ለማዕበሉ ይዘህ ቀስ እያልክ ሂድ፤ ኤድመንድስ ወደብ እንገባለን።»

ኤድመንድስ በሩቁ እየታየች ሳለች ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ከሞተሩ ድምፅ በኋላ የመጣው ጸጥታ አልነበረም፤ የነፋሱ ፉጨትና ከግራ በኩል የሚሰማ ድብደባ ነበር፤ እሱም የባቡር ሐዲዱን ከባሕር የሚጠብቁትን ቋጥኞች ማዕበሉ ሲመታቸው ነው። ነፋሱም ወደ ምዕራብ በኩል ዞሮ ኖሮ ወደዚያው ይገፋቸው ጀመር። ውብአየሁ መልህቁን ጣለ፤ መልህቁ ግን የባሕሩን ወለል እየጫረ ይጎተት ነበር። በስልክ እርዳታ ጠራ፤ የነፍስ አድን ጀልባ እየተነሣ መሆኑን፣ ነገር ግን ሩቅ እንደ ሆነ ነገሩት። ጀልባዋ ውስጥ የገባው ውኃ ከቁርጭምጭሚት አልፏል፤ ባልዲ አንሥቶ እየቀዳ ወደ ባሕሩ መድፋት ያዘ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል በጉልበታቸው ተንበርክከው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፤ ነዳጁ ውስጥ ውኃ እንደ ገባ አውቀዋል፤ የነዳጅ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ለማውለቅ ይታገላሉ፤ ጣቶቻቸው ግን አልታዘዙላቸውም። ቋጥኞቹ ላይ የተጣበቀው አረንጓዴ የባሕር ሣር መታየት ሲጀምር፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ውብአየሁ፣ የደበቅሁህ ነገር አለ፤ ይዤው አልሞትም። ትናንት ጠዋት ለተብርሃን ደውላልኝ ነበር። እዚያ ምሽት ነው። መሳፍንት ከቤቷ እራት በልቶ መውጣቱ ነበር። ከተማው ደስ አላላትም፤ እዚሁ እደር ብትለው፣ ጓዶቼ ብቻቸውን ናቸው ብሎ ሄደ። ኋላ መልሳ ደወለች፤ ተኩስ ይሰማል እያለችኝ መስመሩ ተቆረጠ።» ፊልትሮውን እየጠመዘዙ «በምን ዓይን ታየኛለህ ብዬ ፈራሁ» አሉ።

ውብአየሁ ባልዲውን እንደ ያዘ ቆመ። እኒህ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ይህን ይዘው ከፊቱ ተቀምጠው ነበር! ለአንድ አፍታ በልቡ የተነሣው ነገር ከማዕበሉ የከፋ እንደ ነበረ በኋላ ለባለቤቱ ለሠርካለም ነግሯታል፤ የማያውቀው ቁጣ ነበር፤ የወዳጁንም ፊት የጠላት ፊት አድርጎ አሳየው። ወዲያው ማዕበል መጥቶ ሁለቱንም ከጀልባዋ ወለል ላይ ጣላቸው፤ ሲነሣ የሽማግሌው እጅ ደምቶ፣ ፊልትሮውን ግን አጥብቀው እንደ ያዙ አየ።

«እኅትዎስ?» አለ። «ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምተዋል?»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«እንግዲያው ሁለታችንም አናውቅም ማለት ነው። ሞተሩን ይሥሩት ጋሼ፤ ውኃውን ለኔ ይተዉት።»

ፊልትሮው ተራግፎ ገባ፤ ሞተሩ ሦስት ጊዜ እንቢ ብሎ በአራተኛው ተነሣ። መልህቁን ለመሳብ ጊዜ አልነበረም፤ ውብአየሁ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው። ከቋጥኞቹ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቷቸው ነበር። ኤድመንድስ ወደብ ሲገቡ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ የነፍስ አድን ጀልባዋም እስከ በሩ ድረስ ከኋላቸው ተከተለቻቸው። ሁለቱ ከጀልባዋ ወርደው እርጥቡ ሳንቃ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ፣ ሠርካለም መኪና ይዛ እስክትመጣ ድረስ ጠበቁ።

በታኅሣሥ የመቀሌ ስልክ ሲመለስ ወይዘሮ ለተብርሃን በሕይወት ተገኙ። ስለ መሳፍንት ግን፣ በዚያች ሌሊት በካምፑ በር ሲገባ ያየው አንድ ወታደር ከመገኘቱ በቀር፣ ወሬ አልተገኘም፤ ከምርኮኞችም ከሙታንም መዝገብ ስሙ ጠፋ። በዚያ ዓመት በሲያትል የአንድ ማኅበር ሰዎች ተለያዩ፤ ሰላምታ የተነፋፈጉ ነበሩ፤ ለሁለቱም በየፊናቸው ከእሱ ጋር አትታይ የሚሉ መካሪዎች መጡባቸው። እነሱ ግን ከዚያች ረቡዕ በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ ባሕሩ ሲረጋ፣ ጀልባዋን አብረው ወደ ደቡብ አደረሷት።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል፤ ማን ቀድሞ እንደ ተኮሰ፣ የትኛው ጦር በየት እንደ ዘመተ፣ ስንት ሰው እንዳለቀ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የሁለቱን ሰዎች ነገር የያዘ ጽሑፍ ቢኖር የኤድመንድስ ወደብ የእንግዳ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም የሚለው፣ «አንዲት ክፍት ጀልባ፣ ሁለት ሰዎች፣ የሞተር ብልሽት፣ ጉዳት የደረሰበት የለም» ነው።