የተሰረዘችው መስመር

«አሁንም አላስገባኝም» አለ ወንድሟ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው በርቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «አንቺ ድንቢጥ፣ የራውተሩን መብራቶች እይልኝ እስቲ።»

ቤት ውስጥ በዚህ ስም የምትጠራው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ መደርደሪያው ሥር ተንበርክካ አየች። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ከራውተሩ አጠገብ ወንድሟ በገዛ እጁ የገጣጠመው ሰርቨር፣ ክዳን የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር፣ እያጉረመረመ ይሠራል። የመመረቂያ ሥራው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ መማሪያ መጽሐፍን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም። ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ በላፕቶፑ ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ እየገባ ነበር የሚሠራው። ከትናንት ጀምሮ ግን እምቢ ብሎታል።

«ከዚህ ሆኜ ስሞክረው እኮ ፏ ብሎ ይከፈታል» አለች።

«እንግዲያው ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ከእኔ ይሻላል።» ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ድምፁ ከስልኩ ራቀ።

ድንቢጥ እስኪያልፍለት ጠበቀች።

«መብራት ሄዶ ነበር?» አለ ሲመለስ። «ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አንዳንዴ የቤታችን የኢንተርኔት አድራሻ ይለወጣል።»

አድራሻውን ቁጥር በቁጥር አነበበችለት። አልተለወጠም።

«እሺ፣ የራውተሩን ገጽ ክፈቺ። ራውተር ማለት ዘበኛ ነው፤ ከውጭ የመጣን ሁሉ ከበር ይመልሳል። እኔ ስመጣ ግን ወደ ሰርቨሩ እንዲያሳልፈኝ አንድ መስመር ጽፌለታለሁ። መስመሯ አለች?»

የይለፍ ቃሉን አስገብታ ገጹን ከፈተች። ሠንጠረዡ ባዶ ነው። መስመሯ በራሷ አትጠፋም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ገብቶ ሰርዟታል። ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሆስፒታል የምትወስደውን የታጠበ ፒጃማ አቅፋ፣ «አትንገሪው» በሚል ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

«መልሼ ልደውልልህ» ብላ ዘጋችው።

«ተበላሽቷል በይው» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«ጎረቤታችንን፣ ኮምፒውተር ጠጋኙን የይለፍ ቃሉን ሰጥቼ ለምኜው ነው። ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል ስገባ ወንድምሽ በአፍንጫው ደም እየወረደ ይጽፋል። ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ! ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሏል።»

«ካረፈ ይድናል አለ?»

እናቷ የፒጃማውን እጅጌ አጠፈች፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው። «እሱን አላለም» አለች በመጨረሻ። «ግን ሳምንትም ትሁን፣ ትጨመርልኝ። ይቺን መመኘት ኃጢአት ነው?»

ለድንቢጥ መዋሸት ቀላል ነበር። ሰርቨሩ ተቃጠለ ብትለው ያምናታል፤ ተነስቶ መጥቶ አያጣራም። ይናደዳል፣ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይተኛል። እሁድ ልትጠይቀው ስትሄድ የግራ እጁ አብጦ በቀኙ ብቻ ነበር የሚጽፈው። ሆኖም ስለ ፕሮግራሙ አውርቶ አልጠግብ ሲል፣ ሕመሙን አንዴም አላነሳም። የድሮ ወንድሟን ያየችው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። እናትና ልጅ ተያዩ። ድንቢጥ አነሳችው።

«ምነው ጠፋሽ? በቃ ንገሪኝ፤ ሰርቨሩ ሞቷል?»

«አልሞተም» አለች። «መስመሯ ተሰርዛ ነው። ቁጥሮቹን ንገረኝና መልሼ ልጻፋት።»

«ማን ሰረዛት?»

«እሱን እማዬ ስትመጣ ትነግርሃለች።»

እናቷ ፒጃማውን እንዳቀፈች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችምም።

ወንድሟ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገራት። ጻፈች፤ ‹አስቀምጥ› የሚለውንም ነካች።

«ገባሁ» አለ።

ከዚያ የቁልፎቹ ድምፅ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ አለና ቆመ። ቆየት ብሎ እንደገና ቀጭ አለ። ድንቢጥ ስልኩን አልዘጋችውም። እናቷም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገችና አብራት ማዳመጥ ጀመረች።