ማንም የማይነካው ኩባያ

አቶ መንገሻ ሮውሌት ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር አንድ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ወድቋል። ከሳምንት በኋላ በመጣው የላቦራቶሪ ውጤት፣ ኩባያው ውስጥ የቀረው አጥሚት ሰው የሚገድል የልብ መድኃኒት እንዳለበት ታወቀ።

የካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪዋን ሸዋረገድን ላከ። መኪናዋ ውስጥ ጸሎቷን አድርሳ ገባች። ጥያቄዋ ትንሽ ነው፤ ማዳመጥ ታውቃለች።

የሟች ታናሽ ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ሞላልኝ ቀድመው ተናገሩ።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? አጥሚቱን የቀዳችው እሷ፣ ኩባያው የእሷ። አሳስሪልኝና እንገላገል!»

እሷ የሚሏት ኪያን ነው፤ ሟችን ሰባት ወር ያስታመመችውን ሠራተኛ።

«ኩባያው የእሷ ነው ሲሉ?»

«ሲንኩ ሥር ለብቻው ነዋ የሚቀመጠው። እኛ ቤት የባሪያ ዘር በሰው ዕቃ አይጠጣም፤ የእሷንም ሰው አይነካም። ወንድሜም ቢሆን ሞቶ ነው!»

ሸዋረገድ ጥርሷን ነክሳ ጻፈች።

ኪያን ጓሮ አገኘቻት።

«ማን ቤት እንደምትገቢ ታውቂ ነበር?»

«አሳምሬ። አያቴ የጋሽ መንገሻ አባት ባሪያ ነበረች፤ እናቴን የወለደችው ከእኚሁ አባት ነው። ባርነት ቀርቷል ተብሎ ከታወጀም በኋላ አልለቀቋትም። እናቴን አዝላ በሌሊት ጠፋች። በሞቱበት ሳምንት ሰኞ ዕለት ይህንን ለጋሽ መንገሻ ነገርኳቸው። አለቀሱ። በወሩ መጨረሻ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ‹የእህቴ ልጅ ናት› ብዬ አቆምሻለሁ አሉኝ። ማክሰኞ ለወንድማቸው ደውለው ነገሯቸው።»

ሸዋረገድ ቀኖቹን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ከሰኞ ጀምሮ በእኔ ኩባያ ካልሆነ አልጠጣም አሉ። ረቡዕ እኔና ሊጠይቋቸው የመጡት ወንድማቸው ከድስቱ ከጠጣን በኋላ፣ ለእሳቸው በዚያው ኩባያ ቀድቼ ኩሽና አስቀመጥኩና አንሶላቸውን ልቀይር ገባሁ። አቶ ሞላልኝ ኩሽና ነበሩ፤ ስመለስ መኪናቸውን አስነስተዋል። ኩባያውን ሰጠኋቸው... በእጄ። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?»

የሟች ልጅ ሐዳሳ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጣች።

«እንግዲህ አልደብቅሽም፤ ኪያን አልወዳትም። አባዬን በዚያ ኩባያ ሲጠጣ ሳየው ጮኽኩበት። ረቡዕ ግን ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት አጎቴ ማኪኒ ካለው ቤቱ በስልክ ኮል አድርጎ ‹ያቺ ልጅ ደህና ናት?› አለኝ። አባዬን እንኳ አልጠየቀኝም።»

ሸዋረገድ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ከአንድ ድስት ኪያም አቶ ሞላልኝም ጠጥታችኋል፤ ማንም አልታመመም። ስለዚህ መድኃኒቱ የገባው ኩባያው ውስጥ ነው። ሐዳሳ ቤት አልነበረችም። ኪያ ብትሆን ደግሞ፣ ከአስከሬኑ ጋር ብቻዋን ስትቆይ ኩባያውን አጥባ ትመልሰው ነበር።»

«ታዲያ እኔ ወንድሜን ገደልኩ ልትይ ነው?» አሉ አቶ ሞላልኝ እየሳቁ።

«እሳቸውን ሊገድሉ አላሰቡም። ያሰቡት ኪያን ነው። እሷ ከሞተች ወንድምዎ ስለ ዝምድናው የሚናገሩት የጃጀ ሰው ወሬ ይባልና ይረሳል። ሰባት ወር ስሟን ጠርተው የማያውቁ ሰው፣ ቤትዎ ሲገቡ ደህንነቷን ጠየቁ፤ መሞቷን ሊሰሙ። ጋሽ መንገሻ በዚያ ኩባያ መጠጣት መጀመራቸውን ከመካከላችሁ ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። መድኃኒቱም እርስዎ የሚወስዱት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ብልቃጡን አይቶታል፤ ከግማሽ በላይ ጎድሏል።»

አቶ ሞላልኝ ብድግ አሉ።

«ማን ከእሷ ዕቃ ጠጣ አለው!»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ፖሊሶቹ እጃቸውን ያዙ።

ሐዳሳ ኪያ ላይ አፈጠጠች። «አንቺ ባትመጪ አባዬ ዛሬ ይኖር ነበር።»

«እኔም ሳላለቅስላቸው የዋልኩበት ቀን የለም» አለች ኪያ። «ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እሳቸው ሊሉት የነበረውን እኔው እናገረዋለሁ። ከፈለግሽ አስወጪኝ።»

ሐዳሳ ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ሳትል ተናገረች።

«በጊዜ ነይ። ካረፈድሽ ወንበር አይገኝም።»